ክሊፎርድ ብራውን፤ በማዳመጥና በሥርዓት በመለማመድ የተገነባ የትራምፔት ጥበብ

የጃዝ ሙዚቃ ከአሜሪካ ደቡባዊ ከተሞች ተነሥቶ ዓለምን ካዳረሰ ወዲህ በትራምፔት ስማቸው የገነነ ሙዚቀኞች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ክሊፎርድ ብራውን በመድረክም ሆነ በስቱዲዮ የቆየበት ዘመን እጅግ አጭር ነው። የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸው እ.ኤ.አ በ1952 ሲሆን ሕይወቱ ያለፈው በ1956 ነው። በእነዚህ አራት ዓመታት የተቀዱት ሥራዎቹ ግን ከእርሱ በኋላ የመጡ የትራምፔት ተጫዋቾች ደጋግመው የሚያዳምጧቸው መማሪያዎች ሆነዋል።

ስለ ብራውን ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው አሟሟቱ ነው። ገና በ25 ዓመቱ በመኪና አደጋ መቀጠፉ በእርግጥም ያሳዝናል። ሆኖም ይህ ታሪክ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ሲጋርድ ቆይቷል። የብራውን ችሎታ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ብቻ ሳይሆን፣ መምህራኑ በስም በሚታወቁ፣ ደረጃው አንድ በአንድ ሊቆጠር በሚችል ትምህርትና ልምምድ የተገኘ ነው። ትራምፔት ለሚማር ወጣት ከአሟሟቱ ይልቅ የተማረበት መንገድ ይጠቅመዋል።

ብራውን የተወለደው ኦክቶበር 30 ቀን 1930 በዴላዌር ግዛት በዊልሚንግተን ከተማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለወላጆቹ ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበር። አባቱ ጆ ብራውን መተዳደሪያቸው ሙዚቃ ባይሆንም ለራሳቸው ደስታ ትራምፔት፣ ቫዮሊንና ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። ታናናሾቹን አራት ወንዶች ልጆቻቸውንም አሰባስበው በድምፅ ብቻ የሚዘምር ቡድን አቋቁመው ነበር። ስለዚህ ትንሹ ክሊፎርድ በመሣሪያ ከመጫወቱ በፊት የሌላውን ድምፅ እያዳመጠ የራሱን ማስማማት ለምዷል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር የኋላ ኋላ ትልቅ ስንቅ ሆኖለታል።

የሚያብረቀርቀው የአባቱ ትራምፔት ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ይስበው ነበርና፣ 13 ዓመት ሲሞላው አባቱ የራሱን መሣሪያ ገዝተውለት ወደ መምህር ላኩት።

መምህሩ በዊልሚንግተን የታወቁት ሙዚቀኛ ሮበርት ሎዌሪ ነበሩ። ሎዌሪ ለተማሪዎቻቸው ቅድሚያ የሚሰጡት ጆሮን ማሠልጠንን ነው። አንድ ዜማ ከሥሩ በሚለዋወጡ ኮርዶች ላይ ተደግፎ ይሄዳል። የጃዝ ተጫዋች በቅጽበት አዲስ ዜማ ሲፈጥር እነዚህን ለውጦች ማወቅ አለበት። ኖታውን ከወረቀት አንብቦ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለውጡ ከመድረሱ በፊት በጆሮ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ነው። ሎዌሪ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነበር። በአገራችን የዜማ ቤት ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ እንደሚያጠና ሁሉ፣ የሎዌሪም ተማሪዎች መጀመሪያ በጆሮ ይዘው ኋላ በጣት ይፈልጉት ነበር።

ብራውን ከእኚህ መምህር ዘንድ ከትራምፔት ሌላ የጃዝ ሐርመኒን፣ ፒያኖን፣ ቫይብራፎንንና ቤዝን ተምሯል። ለአንድ የትራምፔት ተማሪ ይህን ሁሉ መማር ጊዜ ማባከን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትራምፔት በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ ስለሆነ ኮርድን ሙሉ አድርጎ አያሰማም። በፒያኖ ፊት የተቀመጠ ተማሪ ግን አራቱንና አምስቱን ድምፅ በአንድነት ይሰማል፤ አንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገርም በጣቱ ይዳስሳል። ብራውን በኋላ በትራምፔቱ የሚፈጥራቸው ረጃጅም ዜማዎች መንገዳቸውን የማይስቱት ከሥራቸው ያለውን ኮርድ አጥርቶ ስለሚሰማ ነበር።

ሁለተኛው መምህር የሃዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባንድ ኃላፊ የነበሩት ሃሪ አንድሩስ ናቸው። ሃዋርድ በዚያ የዘር መድልዎ ዘመን ለጥቁር ተማሪዎች የተለየ ትምህርት ቤት ነበር። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች የሚደረገውን የዘር መለያየት ሕገ ወጥ ባደረገበት ውሳኔ ከተጠቃለሉት ክሶች አንዱ ይህንኑ ትምህርት ቤት የሚመለከት ነበር። አንድሩስ ለብራውን ያስተማሩት የክላሲካል ትራምፔት መሠረታዊ ሥርዓትን ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም የሚገባው የትራምፔትን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ነው። መሣሪያው ያሉት ቁልፎች ሦስት ብቻ ናቸው። በእነዚህ ሦስት ቁልፎች የማይገኘውን የድምፅ ልዩነት ሁሉ የሚፈጥሩት የተጫዋቹ ከንፈርና ትንፋሽ ናቸው። የከንፈር ዙሪያ ጡንቻዎች ደግሞ ትንንሽ በመሆናቸው ቶሎ ይደክማሉ። የደከመ ጀማሪ ከፍ ያለ ድምፅ ለማውጣት መሣሪያውን ከንፈሩ ላይ በኃይል ይጫናል። ድምፁ ለጊዜው ይወጣለታል፤ ነገር ግን የታፈነ ከንፈር ደም በደንብ አይዘዋወርበትም፤ መርገብገቡንም ያጣል። ተማሪው በዚሁ ሁኔታ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ቢለማመድ የሚያተርፈው መጥፎ ልማድ ነው።

ስለዚህ በናስ መሣሪያዎች ትምህርት ቁም ነገሩ የሰዓት ብዛት አይደለም። ረጅም ድምፅን በእኩል ትንፋሽ ይዞ መቆየት፣ ቁልፍ ሳይለውጡ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በከንፈር ብቻ መሸጋገር፣ እያንዳንዱን ኖታ በምላስ ጫፍ ለይቶ ማስነሣት፣ ከዚያም የተጫወቱትን ያህል ማረፍ ያስፈልጋል። ብዙ ወጣቶች ይህን እንደ አሰልቺ ግዴታ ቆጥረው ይዘሉታል። ብራውን ግን አልዘለለውም። በጃዝ ዝነኛ ከሆነ በኋላ እንኳን በጉዞ ላይም ሆነ በቤቱ የዕለት ልምምዱን ያለማቋረጥ ይሠራ እንደነበር አብረውት የኖሩና የሠሩ ሰዎች መስክረዋል።

በ1948 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቆ ዴላዌር ስቴት ኮሌጅ ሲገባ ኮሌጁ የሙዚቃ ክፍል ስላልነበረው ያጠናው ሒሳብ ነበር። ሒሳብና ቼዝ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የሚወዳቸው ነገሮች ሆነው ቆይተዋል። በቀጣዩ ዓመት ጥሩ ባንድ ወደነበረው ሜሪላንድ ስቴት ኮሌጅ ተዛወረ። እውነተኛ ኮሌጁ ግን በስተሰሜን የምትገኘው ፊላዴልፊያ ነበረች ማለት ይቻላል። በዚያ ባሉ ክበቦች የዘመኑን ታላላቅ ሙዚቀኞች ከቅርብ ሆኖ ያዳምጥ፣ ሲፈቀድለትም አብሯቸው ይጫወት ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ልቡን የማረከው ፋትስ ናቫሮ ነው። በዚያን ጊዜ ቢቦፕ የሚባለው አዲስ የጃዝ ስልት በዲዚ ጊሌስፒና በቻርሊ ፓርከር ተስፋፍቶ፣ ወጣት የትራምፔት ተጫዋቾች ሁሉ የጊሌስፒን ፍጥነትና ከፍታ ለመከተል ይጣደፉ ነበር። ናቫሮ ግን በፍጥነት ውስጥ እንኳን ወፍራምና ክብ ድምፁን አይለቅም፤ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል። ብራውን ከናቫሮ የወሰደው ይህንኑ ነው። የተማረውም ናቫሮ ሲጫወት በመስማትና በዚያ ድምፅ ራሱን በመመዘን እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። ናቫሮም የወጣቱን ችሎታ ተመልክቶ አበረታትቶታል።

በ1949 የጊሌስፒ ታላቅ ባንድ ዊልሚንግተን መጥቶ ሳለ ከትራምፔት ተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው ቤኒ ሃሪስ ዘግይቶ ነበርና ብራውን በእርሱ ቦታ ተተካ። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ወጣት ያንን ከባድ ሥራ መወጣቱ ጊሌስፒን አስገርሞ በሙዚቃው እንዲገፋ መክሮታል።

በጁን ወር 1950 ብራውን ከሥራ ሲመለስ የነበረበት መኪና ተገለበጠ። ጉዳቱ እጅግ ከባድ ስለነበር ብዙ ወራት በሆስፒታል ተኝቶ አንድ ዓመት ያህል ከትራምፔት ተለየ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ናቫሮ በሳንባ ነቀርሳና በሄሮይን ሱስ ተዳክሞ በ26 ዓመቱ አረፈ። አርአያው ሲሞት እርሱ ራሱ ከአልጋ መነሣት አልቻለም ነበር። ጊሌስፒ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ሙዚቃውን እንዳይተው አበረታታው።

ብራውን ትራምፔት ማንሣት ባይችልም ሙዚቃን አልተወም። ሲሻለው ወደ ፒያኖ ተመለሰ። ቀድሞ ከሎዌሪ የቀሰመው ትምህርት ጥቅም የታየው እዚህ ላይ ነው። ከንፈሩ ሲያርፍ ጆሮው ሥራውን ቀጠለ። ከንፈር በጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ይሰንፋል፤ በትዕግሥት ከታች ተነሥቶ መገንባትን ይጠይቃል። ሐርመኒን የለየ ጆሮ ግን ያገኘውን ይዞ ይቆያል። ከአደጋው የተረፈው የትከሻ ሕመም እስከ መጨረሻው ያስቸግረው የነበረ ቢሆንም፣ ከሕመሙ የተነሣው ብራውን ከመታመሙ በፊት ከነበረው ይልቅ የበሰለ ሙዚቀኛ ነበር።

በማርች 1952 ክሪስ ፓወል ከሚመራው የሪዝም ኤንድ ብሉዝ ባንድ ጋር የመጀመሪያ ሸክላውን አስቀረጸ። በ1953 ከታድ ዳሜሮን ጋር ሠርቶ በዚያው ዓመት በሊዮኔል ሃምፕተን ታላቅ ባንድ ወደ አውሮፓ ተጓዘ። ሃምፕተን አባላቱ ከባንዱ ውጭ ሸክላ እንዳያስቀርጹ ከልክሎ ነበር። ብራውን፣ አርት ፋርመር፣ ጂጂ ግራይስና ኩዊንሲ ጆንስ ግን ሌሊት ከሆቴል እየሾለኩ በስቶክሆልምና በፓሪስ ስቱዲዮዎች ሥራዎቻቸውን ቀዱ። በስቶክሆልም ብራውንና ፋርመር ተፈራርቀው የተጫወቱበት ቅጂ ለተማሪ ጥሩ የማዳመጥ ፈተና ነው። ሁለት ትራምፔቶች በአንድ ዜማ ላይ ሲፈራረቁ ማን ማን እንደሆነ በድምፁ ቀለምና በምላሱ አጣጣል ብቻ መለየት የቻለ ሰው ማዳመጥ ጀምሯል ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1954 በኒው ዮርክ በርድላንድ ክበብ በድራመኛው አርት ብሌኪ መሪነት በሕዝብ ፊት የተቀዳው ሙዚቃ ብራውንን በሰፊው አስተዋወቀው። ለብሌኪ ስለ ወጣቱ ከነገሩት አንዱ ራሱ ቻርሊ ፓርከር እንደነበር ይነገራል። ብዙም ሳይቆይ በካሊፎርኒያ የነበረው ድራመኛ ማክስ ሮች አብሮት ባንድ እንዲመራ ብራውንን ጠራው። ሮች በዚያን ጊዜ ከፓርከር ጋር የሠራ አንጋፋ ነበር። ከ23 ዓመት ወጣት ጋር ስሙን እኩል አድርጎ ባንዱን ማቋቋሙ ለብራውን የነበረውን ግምት ያሳያል።

ባንዱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲደራጅ ሙዚቀኞች እየተሰበሰቡ ከሚለማመዱባቸው ስፍራዎች አንዱ በኋላ በሳክስፎን ዝነኛ የሆነው የኤሪክ ዶልፊ ቤት ነበር። ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ሃሮልድ ላንድም የተገኘው በዚያ ነው። ፒያኖውን ሪቺ ፓወል፣ ቤዙን ጆርጅ ሞሮ ያዙ። ብራውን በዚያው በሎስ አንጀለስ የክላሲካል ሙዚቃ ተማሪ የነበረችውን ላሩ አንደርሰንን ተዋውቆ ጁን 26 ቀን 1954 ተጋቡ። ጆይ ስፕሪንግ የተባለው ታዋቂ ድርሰቱ እርሷን በፍቅር የሚጠራበት ስም ነበር።

በነሐሴ ወቅት በ1954 የተቀዳው ጆይ ስፕሪንግ የብራውንን ልምምድ ውጤት በግልጽ ያሳያል። ዜማው ስምንት ባር ከሄደ በኋላ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ይደገማል። በአንድ ቁልፍ ብቻ የተለማመደ ተጫዋች እዚህ ላይ ይደናቀፋል፤ በአሥራ ሁለቱም ቁልፎች ያጠና ግን መሸጋገሪያውን ሳያስታውቅ ያልፋል። በ1955 በወጣው ስተዲ ኢን ብራውን በተባለው አልበም ውስጥ ያለው ቸሮኪ ደግሞ እጅግ ፈጣን ነው። በዚያ ፍጥነት ብዙ ተጫዋቾች ኖታዎችን ያዋሕዳሉ ወይም ግማሹን ይውጣሉ። የብራውን ምላስ ግን እያንዳንዱን ኖታ ለይቶ ያስነሣል፤ ድምፁም አይቀጥንም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ከቫዮሊን ቡድን ጋር በቀዳቸው ዝግ ያሉ ዜማዎች ላይ ተጨማሪ ኖታ ለማሳየት ሳይቸኩል ዜማውን ብቻ ያዜማል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ተማሪ ከቸሮኪ በፊት መጀመር ያለበት በእነዚህ ነው፤ ፈጣኑ የሚያስደንቅ ቢሆንም የድምፅ ውበት የሚማሩት ከዝግተኛው ነው።

ከሸክላ የመማር ዘዴም የራሱ ሥርዓት አለው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሙዚቀኞች በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን ሸክላ፣ የሚፈቅድ ማጫወቻ ሲያገኙ፣ በግማሽ ፍጥነት ያዞሩት ነበር። ዜማው አንድ ኦክታቭ ወርዶ ቢሰማም ኖታው ሳይለወጥ እጥፍ ዝግ ይላል። ዛሬ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ የድምፁ ከፍታ ሳይወርድ ፍጥነቱን ብቻ መቀነስ ይቻላል። መሣሪያው ቢለወጥም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። አጭር ሐረግ መርጦ ትራምፔት ሳይነኩ ደጋግሞ መስማት፣ በአፍ ማዜም፣ ትንፋሹና ምላሱ የት እንዳረፈ መለየት፣ ከዚያ በኋላ በመሣሪያ ዝግ አድርጎ መሞከር፣ በመጨረሻም ወደ ሌሎቹ ቁልፎች ማዛወር ነው። የብራውን ሶሎዎች በኖታ ተጽፈው በመጽሐፍ ይሸጣሉ። ወረቀቱ ኖታውን ያሳያል፤ አጣጣሉን፣ ክብደቱንና ወዙን ግን አያሳይም። መጽሐፉን ቀድሞ የገለጠ ሰው ጆሮው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለዓይኑ ሰጥቷል።

የብራውን አኗኗርም ከሙዚቃው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ሄሮይን የጃዝን ትውልድ እያጨደ ነበር። ፓርከር በማርች 1955 በ34 ዓመቱ ሲሞት፣ እንደ እርሱ ለመጫወት እንደ እርሱ መኖር ያስፈልጋል ብለው የተሳሳቱ ወጣቶች ጥቂት አልነበሩም። ብራውን ከአደንዛዥ ዕፅ የራቀ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ትሑት ሰው ነበር። ከሱሱ በብርቱ ትግል ተላቆ በ1955 መጨረሻ በላንድ ቦታ ባንዱን የተቀላቀለው ሶኒ ሮሊንስ ንጹሕ ኑሮና ታላቅ ጃዝ አብረው እንደሚሄዱ በዓይኑ ያየው ከብራውን እንደሆነ በተደጋጋሚ ገልጿል።

ጁን 26 ቀን 1956 ምሽት ብራውን፣ ሪቺ ፓወልና የፓወል ባለቤት ናንሲ ከፊላዴልፊያ ወደ ቺካጎ ጉዞ ጀመሩ። ሌሎቹ የባንዱ አባላት በተለየ መኪና ነበሩ። መንገዱ በዝናብ ርሶ ነበር። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቤድፎርድ በተባለች ከተማ አቅራቢያ ናንሲ የምታሽከረክረው መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሦስቱም ሕይወታቸው አለፈ። ዕለቱ ብራውንና ላሩ የተጋቡበት ሁለተኛ ዓመት ነበር። አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር።

ከአደጋው በፊት በነበረው ምሽት በፊላዴልፊያ ሲጫወት ተቀድቷል የተባለ ቴፕ ለብዙ ዓመታት የመጨረሻ ሥራው እየተባለ ሲደመጥ ቆይቷል። በኋላ የተደረገው ማጣራት ግን ቅጂው ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሜይ 1955 የተቀዳ መሆኑን አመልክቷል። ሳክስፎን ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ቤኒ ጎልሰን ለወዳጁ መታሰቢያ የደረሰው ዜማ ከ1957 ጀምሮ በብዙ ሙዚቀኞች ተቀርጿል፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ በዚያን ጊዜ ገና የ18 ዓመት ወጣት የነበረው የፊላዴልፊያው ሊ ሞርጋን ነው። ሞርጋን፣ ፍሬዲ ሀባርድ፣ ዶናልድ ባይርድ፣ ከእነርሱም በኋላ ዊንተን ማርሳሊስ የብራውንን ሸክላዎች አጥንተው የየራሳቸውን ድምፅ አገኙ። ሎዌሪም ከብራውን ሞት በኋላ በዊልሚንግተን ወጣቶችን ማስተማራቸውን ቀጥለዋል፤ ከተማዋም በስሙ የተሰየመ የጃዝ ፌስቲቫል ከ1989 ጀምሮ ስታዘጋጅ ኖራለች።